ዝገትም ምክንያት አለው

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ስጓዝ ከመንገዱ ዳር ወድቆ የቀረ ታንክ አየሁና አንዲት ግጥም ጻፍኩ። ሙሉዋን እዚህ አላሰፍራትም፤ ሁለቱ ስንኞቿ ግን ለዛሬው ጉዳዬ ያስፈልጉኛል፦

ያ ታንክ ከመንገድ ዳር፣ ዝገት እንደ ሸማ ለበሰ፤
የዘመን እንባው ቀልቶ፣ በብረት ጉንጩ ፈሰሰ።

ያነበብኩላቸው ወዳጆቼ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ግን አፍሬባታለሁ። ያሳፈረኝ ሐያሲ ወይም የሥነ ጽሑፍ መምህር አይደለም። ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት የፕላስቲክ ታንክ ናት።

የአፍረቴን ምክንያት ለማስረዳት ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዬ ጥቂት ማውራት ግድ ይለኛል። እኔ የብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ሞዴል እሠራለሁ። ልጆች የሚጎትቱትን መጫወቻ ማለቴ አይደለም። ተቆራርጦ በሳጥን የሚመጣው ፕላስቲክ በምላጭ ይለቀማል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ በሙጫ ይጋጠማል፣ ቀለም ይቀባል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዋናው ሥራ ይጀመራል፦ አዲሱን ነገር ማስረጀት። በዚህ ሙያ እጅግ የተለመደው መጠን 1/35 ነው፤ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ያላችሁ እንደሆነ፣ የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሞዴል ሲያዘጋጅ ሞተርና የባትሪ ድንጋይ እንዲይዝለት አድርጎ አሰፋው፤ በኋላ ሲለካ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዓለም የተከተለውን መስፈሪያ የወሰነው እንግዲህ የባትሪ ድንጋይ ስፋት ነው። ነገሩ ሁልጊዜ ያስቀኛል።

ማስረጀቱ የራሱ ሊቃውንት አሉት። ቤልጅጋዊው ፍራንስዋ ቬርሊንደን እንደ ውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡናማ ቀለም በየስርቻው ማፍሰስንና በደረቅ ብሩሽ ጠርዞችን መዳበስን ለብዙዎች አስተማረ። አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን ደግሞ ታንኩን ከመሬትና ከሰው ጋር አንድ ላይ እያቆመ ታሪክ እንዲናገር አደረገ። ከዚያ በኋላ እነ ሚግ ሂሜኔዝ ያሉበት የስፔን ትውልድ መጣ፤ የዱቄት ቀለሙ፣ የዘይት ነጠብጣቡ፣ የዝገቱ ዓይነት በረከተ። የፀጉር ስፕሬይ የሚባለውን ዘዴ እኔም ሞክሬዋለሁ፦ ከሥር የዝገት ቀለም፣ በላዩ የፀጉር ስፕሬይ፣ ከላይ የታንኩ ቀለም ይቀባል፤ ውሃ ነክተው ሲያሹት የላዩ ቀለም እንደ እውነተኛ ተልጦ ይነሳል። (ስፕሬዩን የሸጠችልኝ ልጅ መላጣ ራሴን አይታ የተናገረችውን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።)

ችግሩ ከዚህ ጥበብ ብልጽግና ይነሳል። ዝገት ማሳመር የቻለ ሰው ሁሉንም ያዝጋል። በየኤግዚቢሽኑ ፎቶግራፎች ላይ የማያቸው ታንኮች ሠላሳ ዓመት ባሕር ውስጥ የከረሙ ይመስላሉ፤ ጦር ግንባር ላይ የአንድ ታንክ ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነበር። እውነተኛው ታንክ ከፋብሪካ አዲስ ሆኖ ይወጣና ጊዜና ሰው ያስረጁታል፤ ሞዴሉን የሚያስረጀው ግን ሠሪው ብቻ ነው። ስለዚህ በላዩ ላይ ለሚታየው ጭረትና አቧራ ሁሉ ተጠያቂው እሱ ነው። ከየት መጣ ሲባል መልስ የሌለው ዝገት፣ እንደኔ እምነት፣ ውሸት ነው፤ ምንም ያህል ቢያምር።

ይህን እምነት ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። እንጀራዬን የምበላው በባንክ መስኮት ተቀምጬ ብር በመቁጠር ነው። ብዙ አሮጌ ብር ያለፈበት ጣት እድፍ ዝም ብሎ እንደማያርፍ ያውቃል። በመቀነት ተቋጥሮ የከረመ ብር ከመሐሉ ይጨማደዳል። የታክሲ ረዳት በጣቶቹ መሐል አጥፎ ሲይዘው የዋለ ብር በርዝመቱ ይሰነጠቃል። የሥጋ ቤት ብር ቅባት አለው፤ የወፍጮ ቤት ብር ሲቆጠር ጣት ላይ ዱቄት ይተዋል። እድፍ አድራሻ አለው። ታንክም እንዲሁ ነው፦ ዝገት ከብሎን ራስ ሥር ተነሥቶ ዝናብ በወረደበት መንገድ ይወርዳል፤ ቀለም የሚላጠው የወታደር ጫማ በሚረግጠው ቦታ ነው፤ ሰንሰለቱ የሚያብረቀርቀው መሬት በሚነካው በኩል ነው። ማንም የማይረግጠው ቦታ ላይ ቀለም ተልጦ ካየሁ ሠሪው እንዳልጠየቀ አውቃለሁ።

ተቃዋሚዎቼ «ሥዕል ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም» ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ያንን ግማሽ እውነት ያስተማረኝ አፈር ነው። በውጭ አገር «የሰሜን አፍሪቃ አቧራ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ትንሽ ጠርሙስ በገንዘብ ይሸጣል። አቧራ በነፃ በሚታደልበት አገር ተቀምጬ ይህን መግዛቱ አሳፈረኝና ከደጄ አፈር ዘግኜ ነሰነስኩ። ታንኳ ላይ ያረፈው ግን አቧራ ሳይሆን የድንጋይ ናዳ ነበር! በ1/35 መጠን አንድ ሚሊ ሜትር ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል የአሸዋ ቅንጣት የጠጠር ያህል ትሆናለች። እውነተኛው አፈር እንዳለ ሲገባ ሐሰት ሆነ። በቡና ሙቀጫ ወቅጬ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ እንደገና በሻሽ ነፍቼ ነው አቧራ የሆነልኝ። የገበያ ወሬ እንዳለ ገልብጠው «እውነተኛ ንግግር ነው» የሚሉን አንዳንድ አጭር ልቦለድ ጸሐፊዎችም ሙቀጫ ቢገዙ መልካም ነበር።

ወደ ታንኳ ልመለስ። የሠራኋት ኤል 3/33 የምትባለውን የጣሊያን ታንክ ነው። ከእንግሊዙ ካርደን ሎይድ ተሽከርካሪ የተቀዳች ናት፤ ክብደቷ ከሦስት ቶን ጥቂት ያልፋል፣ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው፣ ከፍታዋ አንድ ሜትር ከሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የቆመ ሰው ደረት ላይ ትደርሳለች። የሚሽከረከር ማማ የላትም። መትረየሷ ከፊት በግራ በኩል ተተክሎ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ከማለት በቀር ወደ ጎንና ወደ ኋላ መዞር አይችልም። በጣም ወፍራም የተባለው ብረቷ 14 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ፕላስቲኩ ራሱ ይዋሻል፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የፕላስቲክ ክዳን በእውነተኛው መጠን 35 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነውና። እንዳለች ቢገጥሟት የከባድ ታንክ ጋሻ የለበሰች ትመስላለች። ስለዚህ የክዳኖቿን ጠርዝ በሞረድ እያሳሳሁ ሁለት ምሽት ፈጀሁ። ቆርቆሮነቷ እንዲታወቅባት ፈለግሁ።

የመረጥኩት ቀን ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ቦታውም ወደ ሽሬ የሚወስደው የደምበጉና በር። የራስ እምሩ ጦር ከጎጃም ተነሥቶ ተከዜን ተሻገረ፤ ወደ ሽሬ ያፈገፈገው የጣሊያን ጓድ መተላለፊያው ላይ ሲደርስ ኢትዮጵያውያን ቀድመው ይዘውት አገኘ። ታንኮቹ ሰብረው ለማለፍ ሞከሩ። የኛ ሰዎች መትረየሱ በማይዞርበት በጎንና በኋላ ወጡባቸው። ከስምንት ቀን በኋላ ግን በዚያው በተከዜ መሻገሪያ የመርዝ ጋዝ እንደወረደባቸው ራስ እምሩ ተናግረዋል። ጋዝ በ1/35 አይሠራም፤ ስለዚህ እሱን አለፍኩት። ማለፌን ግን አንባቢ ይወቅልኝ።

እንግዲህ ይህች ታንክ በዚያች ቀን ምን ትመስል ነበር? ወረራው የተጀመረው መስከረም 22 ቀን ነው፤ እስከ ታኅሣሥ 5 ሁለት ወር ተኩል አይሞላም። ዝገት የለም። ታኅሣሥ በጋ ነው፤ ጭቃም የለም። የቀረኝ አቧራ፣ የጭስ ማውጫው ጥላሸት፣ ድንጋይ የሳለው ሰንሰለትና ቁጥቋጦ የፋቀው ጎን ብቻ ነው፤ ጭረቱም ትኩስ ስለሆነ ባዶ ብረት እንጂ ዝገት አያሳይም። የተማርኩት የዝገት ጥበብ ሁሉ ከንቱ ሆነብኝ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ከኋላ የወጡባት ሰዎች ምን ምልክት ተዉባት የሚለው ነበር። የሞዴል መጻሕፍት የመድፍ ጥይት የበሳውን ብረት እንዴት እንደሚሠሩት ያስተምራሉ፤ የሰደፍና የድንጋይ ምት ግን የትም አልተጻፈም። ባዶ እግር ደግሞ ቀለም አይልጥም። ብዙ ምሽት ካሰብኩ በኋላ ግን ባዶ እግር አቧራ እንደሚያነሣ ትዝ አለኝ። 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ እግር በኔ መጠን ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል አይሞላም። በእርጥብ ብሩሽ ጫፍ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ ከሞተሩ ክዳን ላይ አንድ ተረከዝና አምስት ጣት አነሣሁ። ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የምወዳት እሷን ነበር። (አቧራው የሽሬ ሳይሆን የደጄ አፈር መሆኑን አልሸሽግም። ሕጌን የጣስኩት እዚህ ላይ ነው።)

የአያቴ አባት በዚያ ዘመቻ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ነበር። ለፋሲካ ወደ ጎጃም ስወርድ ታንኳን በጫማ ካርቶን አድርጌ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ወሰድኳት። አያቴ መነኩሴ ናቸው፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል። መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው።

«እማሆይ፣ አባትዎ ሽሬ ላይ ያገኟት ይቺ ናት።»

«ይቺ?» አሉና በጣታቸው ዳሰሷት። «እንዲህ ታንሳለች?»

«አሳንሼ ሠርቻት ነው። ግን ያኔም ከሰው ቁመት አትበልጥም ነበር።»

«አባቴም ኤሊ ናት ይል ነበር።» ትንሽ ዝም ብለው ቀጠሉ፦ «‹ከኋላዋ ወጣንባት› ይል ነበር፤ ‹በሰደፍ ብንላት፣ በድንጋይ ብንላት ዝም። ሰው ያለባት አልመሰለንም፤ ሰይጣን የሚነዳት ነው ያልነው። ኋላ ከውስጧ ማሪያ፣ ማሪያ የሚል ድምፅ ሰማን› ይል ነበር። እነሱም እኮ ማርያምን እየጠሩ ነው የወጡባት።»

«ከዚያስ እማሆይ?»

«ከዚያማ ምን አለ፤ ጦርነት ነው። ወዲያ ያለውን ለኛም አልነገረን።» ታንኳን አገላብጠው ዳበሷት። «ልጁሳ? አስገብተኸዋል?»

«አይ፤ ክዳኗ ተጣብቋል። ውስጧ ባዶ ነው።»

«እንግዲያ ሰይጣን ነዋ የሚነዳት!» ብለው ሳቁ፤ ታንኳንም መለሱልኝ።

ይህ የቤተሰብ ወሬ ነው፤ ዘጠና ዓመት በአፍ የኖረ ነገር ምን እንደተጨመረበት፣ ምን እንደተቀነሰበት አላውቅም። ሆኖም በመመለሻው መንገድ ሁሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ካየኋቸው ሞዴሎች የሚበዙት ክዳናቸው ዝግ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ውስጡን መሥራት አድካሚ ነው፣ አይታይም፣ ሰው መሥራት ደግሞ ከብረት ይልቅ ያስቸግራል። እኔም ያጣበቅኩት ለዚሁ ነበር። ስለ ብሎን ዝገት አድራሻ ስከራከር የኖርኩት ሰውዬ ዋናውን አድራሻ ባዶ ትቼዋለሁ። «ጦርነትን መጫወቻ አደረጋችሁት» ለሚሉን ሰዎች ሁልጊዜ የምሰጠው መልስ ስለ ታሪክና ስለ ጥንቃቄ ነበር፤ አሁን ግን በከፊል ልክ ናቸው እላለሁ። መጫወቻ የሚያደርገው መጠኑ አይደለም፤ ንጹሕ ቀለሙም፣ ያማረ ዝገቱም አይደለም። ሰው ያልገባበት ታንክ ማንንም ያልገደለ፣ ማንም ያልሞተበት ያማረ ማሽን ነው። የጀርመኑን ነብር ታንክ እንደ ጌጥ መደርደሪያ ላይ ማኖር የተቻለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን ለአንድ ወዳጄ፣ እሱም ገጣሚ ነው፣ ስነግረው ያልጠበቅኩትን ጠየቀኝ። «እንግዲያ ዘጠና ዓመት ወደ ኋላ ምን ወሰደህ? በዚያው በሽሬ አካባቢ፣ በወሎ፣ በየመንገዱ የትናንቱ አለልህ አይደል? እሱን ለምን አትሠራም?»

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከ ተፈረመበት ድረስ የቆየውን ጦርነት ማለቱ ነበር። መልሴ አላረካውም፤ እኔንም አላረካኝም። በነዚያ ታንኮች ውስጥ የነበሩት ልጆች እናቶች አሁንም በር በሩን ያያሉ። የማን ልጅ በየትኛው ውስጥ እንደነበረ ያልተነገራቸው አሉ። እማሆይ የአባታቸውን ቃል እየሳቁ ሊነግሩኝ የቻሉት ዘጠና ዓመት ስላለፈ ነው። ያንን ክዳን የመክፈት መብት የኔ አይደለም አልኩት። «ፈርተህ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን በዚያው ሌሊት ግጥሜ ትዝ አለችኝና እንቅልፍ ነሣችኝ። ያ ከመንገድ ዳር ያየሁት ታንክ ከላይ እስከ ታች ብርቱካንማ ቀይ ነበር። ዝገቱ ከብሎን ሥር አልተነሣም፤ ዝናብ በወረደበት መንገድም አልወረደም፤ ሁለንተናውን እኩል ነው የሸፈነው። ሞዴል መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያለው ዝገት ከምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ታንክ ሲቃጠል ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ይነዳል፤ የተራቆተው ብረት እርጥበት ሲነካው በቀናት ውስጥ እንዲያ ይቀላል። ዘመን አያስፈልገውም። ያ ታንክ ካየሁት ጊዜ ብዙም ሳይርቅ ነዶ ነበር፤ እኔ ደግሞ «የዘመን እንባ» ብዬ፣ ሸማ አልብሼ፣ አስጨበጨብኩበት። ውስጡ ማን እንዳለ አልጠየቅኩም። መስመሮቹ ስለገጠሙልኝ ብቻ እሳቱን ወደ ጊዜ ለወጥኩት።

ግጥሟን ከደብተሬ አልቀደድኳትም። ከጎኗ በእርሳስ «ተቃጥሎ ነበር» ብዬ ጽፌባታለሁ።

ታንኳ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። የመትረየስ ተኳሹን ክዳን በምላጭ ፈልቅቄ ከፍቼዋለሁ፤ ሙጫው ጠንክሮ ስለነበር ጠርዙ ተሰነጠቀ፤ ነጩ ፕላስቲክ ይታያል። ከወንበሩ ላይ የማኖረውን ሰው እየቀረጽኩ ነው፤ እጆቹ አልቀዋል፣ ፊቱ ግን እንቢ ብሎኛል። ከሞተሩ ክዳን ላይ የነበረችው የባዶ እግር ዱካ ጠፍታለች፤ እማሆይ ሲዳብሷት አቧራውን በአውራ ጣታቸው ጠርገውታል። በቦታው ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚያህል የጣት ምልክት ቀርቷል፤ በእውነተኛው መጠን ሰባ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አቧራ መልሼ አልነሰነስኩበትም።